የጋንጋ ውሃ ለምን አይበላሽም ይባላል?

ጥያቄው፦ «ሻርጃ ነው የምኖረው። ክፍል የምንጋራው ልጅ ሂንዱ ነው፤ ከቢሃር የመጣ። በትንሽ የመዳብ ዕቃ የጋንጅስን ውሃ አሽጎ አስቀምጧል። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አይሸትም፣ አይበላሽም ይላል። በበዓላቸው ቀን በማንኪያ ሰጠኝ። እንዳላስቀይመው ተቀበልኩት፤ ግን አልጠጣሁትም። እኔ በቴሌቪዥን የማየው ሬሳና ቆሻሻ የሚንሳፈፍበት ወንዝ ነው። ልጁ ደግሞ የተማረ ነው፤ ኢንጂነር ነው። እንዴት ይህን ውሃ ንጹህ ይለዋል? እውነት የተለየ ነገር አለው? ብጠጣውስ ምን እሆናለሁ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የሩርኪ ጊዜዬ ትዝ አለኝ። ሩርኪ ሰሜን ሕንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የውሃ ምህንድስና ለመማር ከሀገራችን ብዙ ሰው ሄዶባታል። እኔም ሁለተኛ ዲግሪዬን በውሃ ጥራት የሠራሁት እዚያ ነው። የጋንጋ (አንተ ጋንጅስ ያልከው ወንዝ) ትልቁ ቦይ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ቅዱስ ከተማቸው ሃሪድዋር ደግሞ በአውቶቡስ ቅርብ ናት። ስለዚህ አንተን ግራ የገባህ ነገር እኔንም ግራ ገብቶኝ ያውቃል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ ቀን ጠዋት ሃሪድዋር፣ ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው ደረጃ ላይ ናሙና እየቀዳሁ ነበር። በየከተማው ወደ ወንዙ የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ «ጋት» ይሉታል። የላብራቶሪ ጠርሙሴን ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። የምቀዳው እጄ ከሚደርስበት፣ ከዳሩ ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውሃው እጅ ያደነዝዛል። አጠገቤ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ሦስቴ ጥልቅ ብለው ወጥተዋል። ነጭ ሳሪያቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል፤ ይንቀጠቀጣሉ። በእጃቸው ሎታ ይዘዋል። ሎታ አንገቷ ጠበብ፣ ሆዷ ሰፋ ያለች የናስ ዕቃ ናት። እኔን አዩና ጸበሉን ልወስድ የመጣሁ መሰላቸው። «ቤታ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በጣታቸው መሐሉን አሳዩኝ። ከቆመው አትቅዳ፣ ከሚሄደው ቅዳ ነው ነገሩ። ሰው እንዳይወሰድ ደረጃው ላይ የብረት ሰንሰለት ታስሯል። በአንድ እጃቸው ሰንሰለቱን ጨብጠው በሌላው ሎታቸውን ከፈጣኑ ውሃ ሞሉ። ከዚያ ለእኔም አሳልፈው ሰንሰለቱን አስያዙኝ።

እኔ ያፈርኩት በዚያ ቅጽበት ነው። በክፍል የተማርኩት የናሙና አወሳሰድ ሕግ ቃል በቃል ያንን ነው የሚለው፦ ከዳር አትቅዳ፣ ከተኛ ውሃ አትቅዳ፣ ወራጁን ፊት ለፊት ይዘህ ቅዳ። እኔ ስለ ቸኮልኩ ሕጉን ጥሼ ነበር። እሳቸው ላብራቶሪ ገብተው አያውቁም፤ ግን ያውቁታል። የምነግርህ ነገር ሁሉ መጨረሻው እዚያ ላይ ነው የሚደርሰው፦ የሚሄደው ውሃ ላይ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል። «ንጹህ ውሃ» እንላለን፤ ቆሻሻ የሌለበት ማለታችን ነው። «ንጹህ ልብ» እንላለን፤ ክፋት የሌለበት ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ተሸክሟል። በሂንዲ ግን ቃሉ ለየብቻ ነው። በሳሙናና በመጥረጊያ የሚገኘው ንጽሕና «ስዋች» ነው። የቅድስናው ንጽሕና «ፓቪትራ» ነው። ጓደኛህ ንጹህ ናት ሲልህ በልቡ ያለው ሁለተኛው ነው። ጋንጋ ቆሽሻለች ወይ ብትለው፣ ኢንጂነር ነውና፣ አዎ ሊልህ ይችላል። ረክሳለች ወይ ብትለው ግን ይቀየምሃል። ለእሱ ወንዟ እናት ናት፤ «ጋንጋ ማ» ነው የሚሏት። ልጅ እናቱ ጭን ላይ ቢያቆሽሽ ቀሚሷ ይቆሽሻል እንጂ እናትነቷ አይረክስም። ቫራናሲ ብትሄድ ይህንን ከጀልባ ቀዛፊውም ከካህኑም አፍ ትሰማዋለህ።

ይህ እምነት ከየት መጣ ካልከኝ፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሳጋራ የሚባል ንጉሥ 60,000 ልጆች ነበሩት። ካፒላ የተባለውን ባሕታዊ ሌባ ነህ ብለው በተመስጦው መሐል ቢያውኩት፣ ዓይኑን ገልጦ ሲያያቸው አመድ ሆኑ። ነፍሳቸው ዕረፍት አጣች። ከዘራቸው በኋላ የተወለደው ባጊራታ ዕድሜውን በጾምና በተጋድሎ አሳልፎ ጋንጋ ከሰማይ እንድትወርድ ለመነ። እንዲሁ ብትወርድ ምድርን ትሰነጥቃት ነበር። ስለዚህ አምላካቸው ሺቫ በጸጉሩ ተቀበላትና ቀስ አድርጎ ለቀቃት። አመዱ ላይ ስትፈስ ነፍሳቱ ነጻ ወጡ። ዛሬ አንድ ሂንዱ የአባቱን አመድ ይዞ አገር አቋርጦ ወደ ጋንጋ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሊሞት ለተቃረበ ሰው የጋንጋን ጠብታ ከቱልሲ ቅጠል ጋር አፉ ውስጥ የሚያደርጉለትም ለዚሁ ነው። የወንዟ ዋና ምንጭም ስሙ ባጊራቲ ነው። ባጊራቲ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጋንጎትሪ የበረዶ ግግር አፍ ትወጣለች። ዴቭፕራያግ ላይ ከአላክናንዳ ጋር ስትገናኝ ነው ጋንጋ የምትባለው።

ጋንጋ ብቻዋን አይደለችም። ሰባት ወንዞች በአንድ ጸሎት ይጠራሉ፦ ጋንጋ፣ ያሙና፣ ጎዳቫሪ፣ ሳራስዋቲ፣ ናርማዳ፣ ሲንዱና ካቬሪ። ናርማዳን በእግር የሚዞሯት አሉ። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ወንዝ፣ በአንዱ ዳር ወርደው በሌላው ዳር ይመለሳሉ። ሳራስዋቲ በዓይን አትታይም፤ ፕራያግራጅ ላይ ከጋንጋና ከያሙና ጋር በስውር ትቀላቀላለች ብለው ያምናሉ። ጸሎቱ ደግሞ ወደ ወንዙ እንሂድ አይልም። ሰባቱንም ጠርቶ «በዚህ ውሃ ውስጥ ተገኙ» ነው የሚለው። ይህን ልብ በልልኝ። ጓደኛህ ጠዋት ሻወር ቤት ገብቶ ይህን ሊል ይችላል። የሻርጃ የቧንቧ ውሃ ጨዉ ወጥቶለት የመጣ የባሕር ውሃ ነው። ጸሎቱን ሲጨርስ ግን ለእሱ ጋንጋ ነው። ፓቪትራ የሚለው ቃል ከኬሚስትሪ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ከዚህ ትረዳለህ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ውሃው የተለየ ነገር አለው ወይ?

አይበላሽም የሚለው ነገር የድሮ ነው። የሞጉሉ ንጉሥ አክባር ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ቤቱም ሆነ መንገድ ላይ የጋንጋን ውሃ ይጠጣ እንደነበር የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ጽፎታል። በ1902 የጃይፑሩ ማሃራጃ ማዶ ሲንግ ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲሄድ ከባሕር ማዶ ውሃ አልጠጣም አለ። 4,000 ሊትር ገደማ በሚይዙ ትላልቅ የብር እንስራዎች የጋንጋን ውሃ አስጭኖ ሄደ። የእያንዳንዱ እንስራ ብር 345 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ጃይፑር ቤተ መንግሥት ውስጥ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ቁመታቸው ከሰው አያንስም።

ሳይንሱስ? በ1890ዎቹ ሃንኪን የሚባል እንግሊዛዊ የባክቴሪያ ሊቅ አግራ ከተማ ይሠራ ነበር። ኮሌራ በየዓመቱ ሕዝብ ይጨርስ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው የኮሌራን ጀርም ከጋንጋና ከያሙና በተቀዳ ውሃ ውስጥ ቢጨምረው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞትበታል። ውሃውን አፍልቶ ሲሞክረው ግን ጀርሙ አይሞትም። ይህንን በ1896 በፓስተር ኢንስቲትዩት መጽሔት አሳተመው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶች ተገኙ፤ ባክቴሪዮፌጅ ይባላሉ፣ ባጭሩ ፌጅ። ያኔ ሰው ሁሉ «አሃ፣ ሃንኪን ያየው ይህንን ነው!» አለ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ስለ ጋንጋ የምታነበው ግማሹ ይህችን ታሪክ የሚደግም ነው።

ግን የሚዘሉት ነገር አለ። ሃንኪን ውሃውን አየር በማያስወጣ በታሸገ ዕቃ ሲያሞቀው፣ ጀርም የመግደል ኃይሉ አልጠፋም። ቫይረስ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሙቀት ይሞት ነበር። እሱ ራሱ የጠረጠረው በእንፋሎት የሚበን ነገር ነው። ስለዚህ ያኔ ያየው ፌጅ ስለመሆኑ ዛሬ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም እጠራጠራለሁ።

ጋንጋ ውስጥ ፌጅ የለም ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ነገር ግን ፌጅ የሚበዛው ምግቡ በሚበዛበት ነው። ምግቡ ባክቴሪያ ነው። የአዲስ አበባን የፍሳሽ ቦይ ብትመረምር ፌጅ በሽ ነው። እያንዳንዱ ፌጅ ደግሞ የሚበላው የራሱን ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ነው። የኮሌራን የሚበላው የታይፎይድን አይነካም። የጉበት በሽታ ቫይረስን የሚበላ ፌጅ የለም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም የተባለ ብረት የሚበላ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ታዲያ የጓደኛህ ውሃ ለምን አልሸተተም? መልሱ ቀላል ነው። ውሃ የሚበሰብሰው ውስጡ ብስባሽ ሲኖርና ኦክስጅኑ ሲያልቅ ነው። ባክቴሪያ ያንን ብስባሽ ሲበላ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ከዚያ ነው ሽታው የሚመጣው። ከተራራ የሚወርድ የጋንጋ ውሃ ብስባሹ ትንሽ ነው። ቀዝቃዛ ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ ሲጋጭ አየር ይጠጣል። 10 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ውሃ አሽገህ ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጠው ባክቴሪያው የሚበላው ያጣል፤ በረሃብ ያልቃል። ዕቃው መዳብ ከሆነ ደግሞ መዳቡ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ይህ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ነው። ከማንኛውም ተራራ የወጣ ጥሩ ምንጭ በመዳብ ብታሽገው ያው ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ጓደኛህ አልዋሸህም። ሦስት ዓመት አለመሽተቱ እውነት ነው። አለመሽተት ግን ለመጠጥ ደኅና ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

የደልሂን ነገር ልንገርህ። በእኛ ሙያ ሁሉም ሰው የሚማረው ነው። ከሰባቱ ሁለተኛዋ ያሙና በደልሂ ታልፋለች። ከተማዋ የምትጠጣውን ውሃ የምትቀዳው ዋዚራባድ ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የናጃፍጋር ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይገባል። በ1955 መጨረሻ ወንዙ መንገዱን ቀየረና ፍሳሹ ወደ ኋላ፣ ወደ መቅጃው ተመለሰ። ሠራተኞቹ ነቁ፤ ክሎሪኑን ጨመሩ። በባክቴሪያ ምርመራ ውሃው ደኅና ሆነ። ታይፎይድም አልበዛም። ግን ከሳምንታት በኋላ ሰው ዓይኑ ቢጫ መሆን ጀመረ። ወደ 29,300 ሰው ጉበቱን ታመመ። ባክቴሪያው ሞቷል፤ ቫይረሱ ግን ክሎሪኑን አልፎ ቤት ለቤት ገባ። በኋላ ሄፓታይተስ ኢ እንደሆነ ታወቀ። በ1991 ደግሞ ካንፑር ላይ፣ ራሷ ጋንጋ ዳር፣ ይኸው በሽታ 79,000 ያህል ሰው ያዘ። ያ ሁሉ ውሃ ብርጭቆ ላይ ሲታይ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረውም።

ሬሳውን በተመለከተ። ቴሌቪዥን የሚያሳይህ ሬሳውን ነው፤ ዓይን የሚይዘው እሱ ስለሆነ። ቫራናሲ፣ ማኒካርኒካ በሚባለው የሬሳ ማቃጠያ ጋት ላይ፣ እሳቱ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። አመድ ይበተናል። እንደ ባሕታውያንና ሕጻናት ያሉት በልማዱ አይቃጠሉም፤ ድንጋይ ታስሮላቸው ይሰጥማሉ። እንጨት መግዣ የሌለው ድሀም አለ። ነገር ግን ወንዙን የገደለው ይህ አይደለም። የወንዙ ተፋሰስ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዟል። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ሽንት ቤት ወዴት ይሄዳል? ትልቁ ብክለት እሱ ነው፤ ያልተጣራ የከተማ ፍሳሽ። ካንፑር ላይ የጃጅማው ቆዳ ፋብሪካዎች ይጨመሩበታል። ያሙናን ካየህ ይብሳል። ደልሂ ውስጥ ከዋዚራባድ እስከ ኦክላ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ከወንዙ ርዝመት 2 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከብክለቱ ሦስት አራተኛውን ያህል የምትቀበለው ግን እዚያች ላይ ነው። በቻት በዓል ሴቶች ወገባቸው ድረስ ገብተው ፀሐይን ሲሰግዱ፣ ዙሪያቸውን በረዶ የመሰለ ነጭ አረፋ ይከባቸዋል። የሳሙና አረፋ ነው።

ታዲያ ሃይማኖታቸው ዝም አለ ወይ? አላለም። እኔን በጣም የነካኝ ይህኛው ነው። ማኑስምሪቲ የሚባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፋቸው ምን በምን እንደሚነጻ ሲዘረዝር፣ ወንዝ የሚነጻው በፍሰቱ ነው ይላል። ተመልከት፤ በጸሎት አላለም፣ በመሥዋዕት አላለም። በፍሰቱ! እኛ በእኩልታ የምንጽፈውን በአንድ መስመር ጨርሶታል። ወንዝ ራሱን የሚያጠራው እየፈሰሰ፣ አየር እየጠጣ፣ ቆሻሻውን በብዙ ውሃ እያቀጠነ ነው። ውሃውን ከወሰድክበት በምን ይጠራ?

ውሃውን ደግሞ ወስደውበታል። እኔ አጠገቡ የተማርኩበት የጋንጋ ቦይ በ1854 ተከፈተ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮትሊ ነው የሠራው። ለመስኖ ድንቅ ሥራ ነው፤ ረሃብን ታግሏል፤ ይህን አልክድም። ግን ያኔም የሃሪድዋር ካህናት ተቆጥተው ነበር። ጋንጋ ትታሰራለች ወይ? አሉ። ኮትሊ ሳትታሰር የምታልፍበት ክፍተት በግድቡ ላይ እተዋለሁ ብሎ ነው ያስታረቃቸው። ጠቡ ግን አልቀረም። በኋላ ማዳን ሞሃን ማላቪያ ሕዝቡን አስተባብሮ በ1916 ከእንግሊዞች ጋር ስምምነት ፈረመ፤ በሃር ኪ ፓውሪ በኩል የማይቋረጥ ውሃ እንዲፈስ። እኛ መሐንዲሶች ዛሬ «የወንዝ ዝቅተኛ ፍሰት» የምንለውን ነገር ምዕመናን ከመቶ ዓመት በፊት በድርድር አስፈርመውታል።

ፍሰት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። በየዓመቱ በዱሴራና በዲዋሊ በዓል መካከል ቦዩ ለጥገና ይዘጋል። ሃር ኪ ፓውሪ ሄድኩ። ወገብ ይደርስ የነበረው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ልጆች ማግኔት በሲባጎ አስረው ጠጠሩ ላይ ይጎትታሉ፤ ምዕመናን የወረወሩትን ሳንቲም ለማውጣት። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል። መብራት ተደርጎባቸው የተንሳፈፉ ቅጠሎች፣ የአበባ ጉንጉን፣ ፌስታል በየጥጉ ተጠራቅሟል። ከሳምንት በፊት እኮ ያው ቆሻሻ ነበረ! ውሃው ይዞት ስለሚሄድ ነው ያላየሁት። ወደ ታች ናሮራ ላይ ሌላ ቦይ የቀረውን ይቀንሰዋል። ካንፑር የምትደርሰው ጋንጋ በበጋ ቀጭን ናት። ፍሳሹ ግን በበጋ አይቀንስም።

ሕንዶች ለዚህም ሁለት ቃል አላቸው፤ «ኒርማል» ከእድፍ የጠራ፣ «አቪራል» የማይቋረጥ። ሁለቱ ካልተያያዙ ዋጋ የለውም የሚል ትግል አለ። ጂ. ዲ. አግራዋል የሚባሉት የካንፑር አይ.አይ.ቲ. (የቴክኖሎጂ ተቋም) ፕሮፌሰር ራሳቸው የአካባቢ መሐንዲስ ነበሩ። በእርጅናቸው መነኮሱ። ጋንጋ ትፍሰስ፣ የግድብ ሥራ ይቅር ብለው ጾሙ። በ2018 በ111ኛው ቀን አረፉ፤ 86 ዓመታቸው ነበር።

ሌላውን ሰው ሳልነግርህ አላልፍም። ቪር ባድራ ሚሽራ ይባላሉ። ቫራናሲ የሳንካት ሞቻን መቅደስ አለቃ ነበሩ። በዚያው በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮሊክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጠዋት ጋንጋ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ከዚያ የዚያኑ ውሃ የኮሊፎርም (የብክለት ምልክት የሆነ ባክቴሪያ) ቁጥር ያነባሉ። በ1982 ፋውንዴሽን አቋቁመው፣ ላብራቶሪ ከፍተው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2013 ታገሉ። ያስተማሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወንዙን ለሚወድ ሰው «ጋንጋ ተበክላለች» ብትለው ይቆጣሃል፤ ስድብ ነው። «ና ተመልከት፣ እናትህ ላይ ምን እየደፉባት ነው!» ብትለው ግን አብሮህ ይነሳል። ያንተ ኢንጂነር ጓደኛም ግራ የሚያጋባ ሰው አይደለም፤ የእኚህ ሰውዬ ዓይነት ነው። ሁለቱን ዕውቀት አንድ ልብ ውስጥ ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው።

መንግሥትም ዝም አላለም። ትልቁ የጽዳት ዕቅድ በ1986 ተጀመረ፤ በ2014 በ200 ቢሊዮን ሩፒ እንደገና ተነሳ። በ2017 የኡታራካንድ ፍርድ ቤት ጋንጋና ያሙና እንደ ሰው ሕጋዊ መብት አላቸው ብሎ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት አገደው። ማጣሪያ ጣቢያዎች ተሠርተዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ተሻሽሏል። ግን ገና ነው። በ2025 ፕራያግራጅ ላይ በተደረገው ማሃ ኩምብ በተባለው ታላቅ የመጠመቅ በዓል፣ በመንግሥት ቆጠራ፣ በ45 ቀን ውስጥ ከ660 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው መጥቷል። በሕንድ ደረጃ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ የሰገራ ኮሊፎርም በ100 ሚሊ ሊትር ከ2,500 ማለፍ የለበትም። የማዕከላዊ ብክለት ቁጥጥር ቦርዱ በየካቲት የአካባቢ ጉዳይ ለሚያየው «አረንጓዴ» ፍርድ ቤት ባቀረበው ሪፖርት ከዚያ በላይ ያለፈባቸው ጊዜያት እንዳሉ ገለጸ። የግዛቱ መሪ ውሃው ለመጠመቅ ደኅና ነው ብለው ተከራከሩ። ልብ በል፣ ይህ ስለ መታጠብ ነው። ለመጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

ይህ የነሱ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። በ2023 ክረምት ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ላይ ኮሌራ ተከስቶ ነበር። ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍርና ሽንት ቤት ሲያጥር ይህ ይመጣል። ጠበሉን የሚያማ የለም፤ ሽንት ቤት መቆፈር ግን የሰው ሥራ ነው።

አሁን የማንኪያዋን ውሃ ነገር እንጨርስ። የእምነትህን ጉዳይ እኔ አልወስንልህም፤ እሱን ለራስህ ትቼዋለሁ። የውሃውን ልንገርህ። ጓደኛህን ከየት እንደተቀዳ ጠይቀው። ሕንድ ፖስታ ቤት ከ2016 ጀምሮ የጋንጎትሪንና የሪሺኬሽን ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ያ ከሆነ ከላይ የተቀዳ ነው፤ ስጋቱ ዝቅ ይላል። ቢሃር ላይ ግን ሕዝቡ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ሱልጣንጋንጅ ነው። ወንዟ እዚያ ወደ ሰሜን ትዞራለች፤ ለዚህ ይወዷታል። በክረምት ከዚያ ቀድተው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በባዶ እግራቸው ተሸክመው ይሄዳሉ። ያ ቦታ ከካንፑርም፣ ከቫራናሲም፣ ከፓትናም በታች ነው። ከዚያ የተቀዳ ከሆነ አትጠጣው። ሦስት ዓመት ታሽጎ ብዙው ጀርም ሞቶ ይሆናል፤ ብረታ ብረቱ ግን አይሞትም። መዳቡም ራሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ከርሟል፤ ሆድ ሊያጉረበርብ ይችላል። በአንድ ማንኪያ ትሞታለህ ብዬ አላስፈራራህም። ግን ለምን?

አለመጠጣት ደግሞ ስድብ አይደለም። በእነሱም ሥርዓት ብዙ ሰው ጥቂት ጠብታ ራሱ ላይ ረጭቶ ይበቃዋል። ሲሰጥህ ቀኝ እጅህን ከላይ፣ ግራህን ከታች አድርገህ በሁለት እጅ ተቀበለው። መጠጣት እንደማትችል በግልጽ ንገረው፤ ምክንያቱን ከማንም በላይ የሚረዳህ እሱ ነው። የተረፈውን ግን መታጠቢያው ላይ አትድፋው፤ ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ ማየት ያመዋል። በረንዳችሁ ላይ ተክል ካለ ሥሩ ላይ አፍስሰው።